መስቀል የተገኘበት ቆራሌ

ሙሄ ዕቃ ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው ክብደቱን ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከመካኒሳ አቦ እስከ ላፍቶ ባሉት መንደሮች «ቆራሌው!» እያለ የዞረ ሰው ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል? ጠርሙስ፣ ቆርቆሮ፣ የተበሳ ባልዲ፣ እጀታው የወለቀ ድስት በጆንያ ይሰበስብና መርካቶ ምናለሽ ተራ ያደርሰዋል። እዚያ ያሉት ቀጥቃጮች ባልዲውን ምድጃ፣ ምድጃውን ማንጠልጠያ ያደርጉታል። ስለዚህ ለሙሄ አሮጌ ዕቃ ማለት ሌላ ነገር ለመሆን መንገድ የጀመረ ዕቃ ነው። አሮጌ ሆኖ እንዲቀር ብቻ ተብሎ በክብር የሚቀመጥ ነገር በዓለም ላይ መኖሩን ያወቀው ዘግይቶ ነው፤ አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ባከበረበት ዓመት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ጆንያውን ዘርግፎ ብረቱን ከቆርቆሮው ሲለይ፣ አፉ በጨርቅ የተወተፈ የዱቄት ወተት ጣሳ ከበደው። ጨርቁን ሲነቅለው ከውስጥ የእጅ መስቀል ወጣ። ነሐስ ነው። ጫፍ ጫፉ በመሳለም ብዛት ልሟል።

ሚስቱ ሐሚዳ ከደጃፉ ላይ ቆማ አየችው።

«የከድር አባት፣ ይኼ ከየት መጣ?»

«ከጣሳው ውስጥ።»

«ጣሳውስ?»

ቆራሌ የገዛውን ዕቃ እንጂ የገዛበትን ቤት አያስታውስም። መርሳቱ የሥራው ደንብ ነው። ሰው ቆራሌ የሚጠራው ከቤቱ ያረጀውንና የጎደለውን አደባባይ ሊያወጣ ስለሆነ፣ ጨዋ ቆራሌ ዓይኑን ከዕቃው ላይ አያነሳም፤ የሻጩን ፊት አያይም፤ «ከየት አመጣኸው» ብሎ አይጠይቅም። ሙሄ በዚህ ጨዋነቱ ነበር በየመንደሩ ተወዶ የኖረው። አሁን ግን ያው ጨዋነቱ ጉድ ሠራው።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። በዚያ ሰሞን ከየቤተ ክርስቲያኑ ስለሚሰረቀው ቅርስ በሬዲዮም በቀበሌ ስብሰባም ይወራል። እስላም ቆራሌ የቤተ ክርስቲያን መስቀል ይዞ ቢገኝ፣ አፉን ሳይከፍት ፍርዱ ያለቀ ነው። ምናለሽ ተራ ወስዶ ለቀጥቃጮቹ እንዳይሸጠው እጁ እምቢ አለው። «ሰው ግንባሩን የሚያስነካውን ነገር በመዶሻ አላስመታም» አላት ለሐሚዳ። ለአቦ ቤተ ክርስቲያን እንዳይሰጥ፣ «ከየት አገኘኸው?» መባሉ አይቀርም። መጣልማ ከሁሉም የከፋ ነው።

ጨንቆት ጎረቤቱን ግዛውን ሊያማክር ሄደ። ግዛው የእህል መጋዘን ዘበኛ ነው፤ ክርስቲያን ነው፤ ምስጢር ይጠብቃል።

«አንድ ዘመዴ» አለ ሙሄ፣ «ከዕቃ ጋር መስቀል ተሳስቶ መጣበት።»

«ዘመድህ ቆራሌ ነው?»

«ነው።»

«ስሙም ሙሄ ነው?»

ግዛው ሳቁን ውጦ አሰበና፣ «ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርስቲው ግቢ ውስጥ ሙዚየም አለ» አለው። «መስቀሉን በየዓይነቱ ደርድረውታል። ሂድና እይ። ያንተ እነሱን ከመሰለ ቅርስ ነው፤ የመንግሥት ጣጣ አለበት። ካልመሰለ ከገበያ የተገዛ ነው፤ ለሱ ብሎ የሚያስርህ የለም።»

«እኔን ሳይሆን ዘመዴን» አለ ሙሄ።

እሑድ ዕለት ኮቱን ለብሶ በአንበሳ አውቶብስ ሄደ። መስቀሉን ከቤት ትቶታል፤ በር ላይ ፍተሻ መኖሩን ያውቃል። ልኩን ግን በእጁ ይዞታል፤ ከእጅ አንጓው እስከ መሐል ጣቱ ጫፍ። ሙዚየሙ ውስጥ መጀመሪያ ያስደነቀው የዕቃው ማነስ ነበር። ይህን ለሚያህል አዳራሽ አንድ ማረሻ፣ አንድ ኮርቻ፣ ጥቂት ከበሮ። ከመስተዋት ጀርባ የተቀመጠውን ከአፉ የተሸረፈ እንስራ አይቶ፣ የዛሬ ሳምንት ለቡ ላይ አንዲት ሴት እንዲሁ ያለ አውጥታለት «ምን ላደርገው» ብሎ እንደመለሰባት ትዝ አለው። ያ እንስራና ይህ እንስራ ምን ለያቸው? አንዱን ሰው እንዳይነካው መስተዋት ጋርደውበታል፤ ሌላው ሜዳ ላይ ይሰበራል። ሰው ዕቃን ከሞት የሚያድነው እንዳይሠራበት በመከልከል ይመስላል።

መስቀሎቹ ጋ ሲደርስ መዳፉን አንስቶ ወደ መስተዋቱ አስጠጋና ይለካ ጀመር።

«እጅ! እጅ!» አለ ጥበቃው።

«አልነካሁም፣ ጌታዬ።»

«ምን እያደረግህ ነው ታዲያ?»

«ሰላም እያልኩ ነው» አለ ሙሄ፣ ሌላ ነገር ስለጠፋው።

ጥበቃው ከእግር እስከ ራሱ አይቶት ሄደ። ሙሄ አንድ ወጣት ለእንግዶች ሲያስረዳ ከኋላ ቆሞ አዳመጠ። ትናንት የተሠራ ይመስላል ያለውን ወጣቱ የብዙ መቶ ዓመት ነው አለ፤ ሙልጭ ብሎ ያለቀውን ደግሞ የቅርብ ጊዜ ነው አለ። ማለቅና ማርጀት አንድ እንዳልሆኑ ሙሄ ያን ቀን ተማረ። ለጭንቀቱ ግን ምንም አልፈየደለትም፤ መስቀሎቹ እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም፣ ሁሉም ግን የሱን ይመስላሉ።

በሚቀጥለው እሑድ አምስት ኪሎ ያለው ሙዚየም ሄደ። እዚያ ያቆመው የጥንት ሰው ነው የተባለ የአጥንት ስብስብ ሆነ። ጎኑ የቆመ ሽማግሌ «የሁላችን እናት ናት አሉ» ሲለው፣ ሙሄ አጥንቱን አየና «ትንሽ ሰው ነበሩ» አለ። መስቀል ማየቱን ረስቶ ተመለሰ።

ወደ ሦስተኛው የወሰደው ሰልፉ ነው። በአብዮቱ በዓል ምክንያት መሐል ከተማ ትልቅ ኤግዚቢሽን ተከፍቶ፣ የየቀበሌው ነዋሪ በየተራ እየተሰለፈ እንዲጎበኝ ታዘዘ። ትራክተር አየ፣ ጨርቃ ጨርቅ አየ፣ ወደ ላይ ብቻ የሚወጣ ቀይ መስመር የተሳለበት ሰሌዳ አየ። ከአዳራሹ ጥግ ግን ከአገር ሊወጣ ሲል የተያዘ ቅርስ ተደርድሯል፤ የብራና መጻሕፍት፣ ሥዕል፣ መስቀል። ከዕቃው በላይ ይዘውት የተገኙት ሰዎች ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። እያንዳንዱ የተያዘበትን ዕቃ ደረቱ ላይ አስይዘውታል። አንዱ እንደሙሄ ያለ ኮት ለብሷል። ሙሄ ያንን ሰው አያውቀውም። አያያዙን ግን ያውቀዋል፤ ሰውየው መስቀሉን የያዘው ክብደቱን በሚመዝን እጅ ነበር።

«ጓድ፣ ወደፊት ይቀጥሉ፤ መንገድ አይዝጉ» አለው አስተናጋጁ።

ከዚያ ወዲያ ሙሄ ስለመስቀሉ ዕድሜ ማሰብ ተወ። የሚያድነው ባለቤቱን ማግኘት ብቻ ነው። ሰኞ ማለዳ ባዶ ጆንያ ይዞ ወጣና በኖረበት ዘመን ሁሉ ያልጮኸውን ጮኸ፤ «ቆራሌው! ከዕቃ ጋር ተሳስቶ የወጣበት ያለ!»

መንደሩ ጉድ አለ። አንዷ ዓምና የጠፋ ማንኪያዋን ጠየቀችው። ሌላዋ በአጥር ላይ ብቅ ብላ፣ «አንተ ቆራሌው፣ ባሌን መቼ ነው የምትወስድልኝ?» አለችው።

«ክብደቱ ስንት ነው?»

«ምን ክብደት አለው ብለህ።»

«ቀላል ዕቃ አልገዛም፣ እቴ» ብሏት አለፈ። መስቀል ያለው ግን አልተገኘም።

ላፍቶ ሲደርስ የአንዲት አሮጊት፣ የእትዬ ሙሉመቤት፣ በር ተከፈተ። የወጣው ልጃቸው በኃይሉ ነው፤ ፋብሪካ ይሠራል፣ የውይይት ክበብ ይመራል፣ ለፓርቲ አባልነትም ታጭቷል።

«ከዚህ ቤት ምንም አልወጣም» አለ፣ ሙሄ ሳይጠይቀው። «ሁለተኛ እዚህ በር ላይ እንዳትጮህ።»

ሙሄ ደንቡን ተላልፎ የሰውየውን ፊት አየ። ያን ጊዜ ድምፁን አወቀውና ነገሩ መጣለት። ያን ቀን ዋጋ ሳይከራከር፣ «ቶሎ ውሰድልኝ» ብሎ ጣሳ የሰጠው ሰው ይኸው ነው። ከበኃይሉ ትከሻ በስተጀርባ እትዬ ሙሉመቤት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። ሙሄም «ይቅርታ፣ ጓድ» ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ልጃቸው ሥራ ሲገባ እትዬ ሙሉመቤት አንድ ባዶ ጠርሙስ ይዘው መካኒሳ ድረስ በእግራቸው መጡ።

«ጠርሙስ ልሸጥ ነው» አሉ ከበር ላይ፣ ለሚሰማ ሁሉ። ከገቡ በኋላ ግን፣ «አለ?» ብለው ጠየቁ።

ሙሄ ከጆንያዎቹ ሥር አወጣላቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ግንባራቸውን አስነኩ፣ ተሳለሙት፣ ከዚያም መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«የአባቴ ነው። ቄስ ነበሩ። ልጄ በኃይሉ እንዲህ ያለ ነገር ቤታችን ከተገኘ ፓርቲው አይቀበለኝም አለ። ወንዝ ጣልኩት ነው ያለኝ።»

«እንኳን ተገኘ» አለ ሙሄ፣ ከደረቱ ላይ ድንጋይ የተነሳለት መስሎት። «ይውሰዱት፣ እትዬ።»

«የት ልውሰደው? ቤት እሱ አለ። አቦ ልስጥ ብል የማን እናት እንደሆንኩ የማያውቅ የለም፤ ወሬው ከኔ ቀድሞ ቀበሌ ይገባል። ልጄን አላስበላውም።» መስቀሉን መልሰው ዘረጉለትና፣ «አንተው ዘንድ ይቆይልኝ» አሉ።

ሙሄ ፎቶግራፉ ላይ ያሉት ሰዎች ፊቱ ድቅን አሉበት።

«እትዬ፣ እኔ እስላም ነኝ።»

«ለዚያ ነው እኮ። እዚህ ቤት መስቀል ማን ይፈልጋል?»

«ቢገኝብንስ?» አለች ሐሚዳ።

«ሌላ ሰው ሊያገኘው አይመጣም። ልጄ ቢያገኘው ደግሞ በራሱ እጅ የሸጠው ነው፤ ማንን ይከሳል?»

ሐሚዳ ባሏን አየችው። ሙሄ በዚያ ሁሉ እሑድ ሲፈልግ የነበረው ከመስቀሉ የሚገላገልበትን መንገድ ነበር፤ አሁን መንገዱ በሩ ድረስ መጥቶለታል። «አይሆንም» ቢል ሴትዮዋ ይዘውት ይሄዱ ነበር፤ የት እንደሚያደርሱት ግን የሚያውቅ የለም። መስቀሉን ተቀበለና ለሐሚዳ፣ «ጓዳ ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ አለ?» አላት።

ሐሚዳ ከጓዳው መደርደሪያ ላይ የክረምት ልብሶቹን አንስታ ቦታ ለቀቀችለት። በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለችው፤ እጇ እንዳይነካው ይሁን እንዳያቆሽሸው እሷም አታውቅም።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ሙሉመቤት በየሳምንቱ ይመጣሉ። ሐሚዳ ወደ ጓዳ ታስገባቸውና ወጥታ ከደጃፉ ትቀመጣለች። ሙሄ ቤት ካለ ግቢ ወጥቶ ቆርቆሮ ይለያል፤ ወደ ጓዳው አይመለከትም። ጎረቤት ሲጠይቅ ጠርሙስ ሊሸጡ መጡ ይባላል።

ክረምቱ ሲገባ አንድ ቀን ባዶ እጃቸውን መጡ። ቤታቸው ውስጥ የነበረው ጠርሙስ አልቋል። ሙሄ ከክምሩ አንድ መርጦ አጠበና ሲወጡ በነጠላቸው ሥር አስያዛቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ጠርሙስ ይዘው መጡ፤ እሱም ተቀብሎ፣ ሲሄዱ መልሶ ሰጣቸው።