ወንበር አያስልም

ግንቦት አሥራ ሰባት ቀን፣ በታናሽ ወንድሜ የሥራ ክፍል አንድ ባለመደገፊያ ወንበር ግማሹ ለብሶ ግማሹ እርቃኑን ቀረ። መርፌው ከነክሩ ቀኝ ክንዱ ላይ እንደተሰካ ነው።

ወንድሜ የአሮጌ ሶፋና ወንበር አዳሽ ነበር። የሰፈር ልጆች «ብርጭቆ» ይሉት ነበር፤ እናታችን እንዳይሰበርባት ስለምትሳሳለት። ከሕፃንነቱ ጀምሮ እጢው ያብጣል፣ ቁስሉ መግል ይቋጥራል፤ አንዱ ሲድን ሌላው ይተካል። በኋላ አንዲት ሐኪም ምክንያቱን አገኘችው። ነጭ የደም ሴሎቹ ጀርሙን ይውጣሉ እንጂ መግደል አይችሉም፤ ከእናት ወደ ወንድ ልጅ የሚወርድ ሕመም ነው። እናቴ በልጅነቱ «በሳንባ» የሞተ ወንድሟን አስታውሳ አንገቷን ደፋች።

ሐኪሟ በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት አዘዘች። መድኃኒቱ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ከሻጋታ ይራቅ፣ ሌላውን ሰው የማይጎዳው ብናኙ እሱ ሳንባ ውስጥ ይበቅላል አለች። ሻጋታ ሲባል ለእኛ የታየን ያደረ ዳቦ ነው። እናቴ ዳቦ አላሳድር አለች፤ የሚያስል እንግዳ ከበር መለሰች። ሙያውንም የመረጠችለት እሷ ነች።

«ሰው ያስላል፣ ወንበር አያስልም» ትል ነበር።

ሐኪሟ ዘንድ በሄዱ ቁጥር «ብቻውን ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው» ትላለች፤ ሐኪሟም «ጎሽ!» ትላታለች። ወንበሩ ውስጥ ምን እንዳለ የጠየቀ የለም።

ያ ወንበር የጎረቤታችን የጡረተኛዋ አዋላጅ ነው። ጣሪያው በሚያፈስ ጓዳ ለዓመታት ተቀምጧል።

«ልጄ፣ ይኼ ነገር ከእኔ በላይ ይሰነብታል?» አሉት።

«እትዬ፣ እርስዎን አምናለሁ፤ እሱን እንጃ።»

«ወግድ! ምላስህስ ከመርፌህ ይብሳል!»

ልብሱን ሲገፈው ውስጡ የታጨቀው ጭድ ጠቁሮ ነበር። እፍኝ እፍኙን እያወጣ አራገፈው፤ ክፍሉ በአቧራ ጨሰ። ብዙም ሳይቆይ ሳልና ትኩሳት ያዘው።

«ማን አሳለብህ?» አለች እናቴ፣ ጉንፋን የያዛቸውን ልጆቼን እያየች።

«ኧረ እማዬ፣ ወንበሩ ነው ያሳለብኝ!»

ሁላችንም ሳቅን። እሷም ከልጆቼ ልታርቀው ፍራሹን ወደ ሥራ ክፍሉ አዛወረችለት፤ ከጭዱ ክምር አጠገብ።

ሆስፒታል ሲገባ ሐኪሟ የሳንባውን ፎቶ አይታ ሰሞኑን ምን ሲሠራ እንደነበር ጠየቀችው። ነገራት። ብዕሯን አስቀምጣ «ሻጋታው ከጭዱ ነው» አለች። በደም ሥሩ የተሰጠው መድኃኒት አልደረሰለትም። እናቴ እስካሁን «ወጥ ቤቱን እኮ በየቀኑ እጠርገው ነበር» ትላለች።

ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት በዚያው በግንቦት አሥራ ሰባት ጠዋት፣ ሰፍቶ የጨረሳትን የወንበሩን የመቀመጫ ትራስ ተሸክሞ ወጣ። አጥሩ ጋ ቆሞ ትንፋሹን ሰበሰበ። ትራሷን በአዋላጇ አግዳሚ ላይ አስቀምጦ በመዳፉ ጫን ጫን አደረጋት።

«እስኪያልቅ በዚህ ይታገሡኝ» አላቸው።

ሲመለስ ለቀረው የወንበሩ ክንድ አረንጓዴ ክር ገዝቶ ገባ።