መሪውን ማን ይዞት ነበር?

መጀመሪያ የጠፋው የግራ እግሩ ስሜት ነው። ልጄ ዮናስ ረዳት አብራሪ የሆነባት ትንሽ አውሮፕላን ቡልቡላ ከተማ አጠገብ በቆሎ ማሳ ላይ ወደቀች። ጎትቶ ያወጣው ገበሬ ስልክ ደወለልኝ። «ልጅዎ ሕይወቱ አለ፤ ጫማውን ሳወልቅለት ግን አልተሰማውም» አለኝ።

አዳማ አመጡት። ሲቲ ስካን ተነሣ። ሐኪሙ «የወገቡ አከርካሪ ተሰብሯል። ስብራቱ ነርቩን ተጭኖታል። ዛሬውኑ ኦፕራሲዮን እናደርገዋለን» አለኝ።

«ይሄዳል?»

«አሁን ቃል አልገባልዎትም።»

ጸለይኩ። ወገቡ ውስጥ ብሎን ገባለት። እሱ ነቃ። እግሩ አልነቃም።

አደጋው እንዴት እንደደረሰ የሰማሁት ዋናው አብራሪ ሊጠይቁት የመጡ ዕለት ነው። በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ እሳቸውም ክንዳቸው ታስሯል። የዚያን ቀን እዚያ አጠገብ ያለውን ሐይቅ ከላይ የሚያነሣ ፎቶ አንሺ ከኋላ ጭነው ነበር።

«ልናርፍ ዝቅ ስንል ፎቶ አንሺው ‹አንዴ እንዙር› ብሎ ጨቀጨቀኝ» አሉ። «ዞሬ ስመልስለት መሪውን ዮናስ ይዞታል ብዬ ነው።»

ዮናስ ከተኛበት «ጋሼ፣ እጅዎ የነዳጅ መስጫው ላይ ነበር እኮ» አለ። «እርስዎ ይዘዋል ብዬ ለቀቅኩ።»

«ታዲያ አትጠይቀኝም?»

«እርስዎን? ‹ይዘዋል ወይ?› ብዬ?»

እኔ አላስቻለኝም። «ታዲያ ማን ይዞት ነበር?» አልኩ።

«ማንም» አሉ ሰውየው።

ሞተሩ አልተበላሸም። ነፋስም አልነበረም። አንዱ ወደ ኋላ ሲያወራ ሌላው ታላቁን ሲያከብር፣ ፍጥነቷ መውረዱን ያየ የለም። ማረፊያው ጋ ሳትደርስ ወደቀች። መሪ ሲቀባበሉ አንዱ «ያዝኩ»፣ ሌላው «ይዘሃል» ማለት እንዳለበት ሁለቱም ተምረዋል። የተማሩትን አፍ አውጥቶ መናገር ይህን ያህል ይከብዳል? ልጄን ታላቅ ፊት እጁን እንዲሰበስብ አድርጌ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ አውሮፕላን ግን ይሉኝታ አያውቅም።

ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ «ገለታ ለዋቃ፣ ፈጣሪ ይመስገን፤ እሱ ነው የያዘው» አሉኝ። እውነት ነው፤ ነፍሱን እሱ ያዘ። መሪውን የሰጠው ግን ለእነሱ ነበር።

ከሆስፒታል ሲወጣ ደም እንዳይረጋ በየቀኑ ሆዱ ላይ የሚወጋ ኢኖክሳፓሪን የሚባል መርፌ ታዘዘለት። ነርሷ አወጋጉን ለሴት ልጄ ለሜሮንና ለእህቴ ለአልማዝ አሳየቻቸው። ቤቱ በጠያቂ ተሞላ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። አንዷ መርፌውን አንሥታ ወንበር ልታቀብል ትሄዳለች፤ ሌላዋ ተወግቷል ብላ ታልፋለች።

አንድ ጠዋት ካልሲውን ሳወልቅ ባቱ አብጧል። ስሜት የለውምና አላመመውም። ይዘነው ሮጥን።

ሐኪሙ በአልትራሳውንድ አየና «ደም ረግቷል» አለ። «መርፌውን የሚወጋው ማን ነው?»

«አክስቴ» አለች ሜሮን።

«ሜሮን ናት እንጂ!» አለች አልማዝ።

ሐኪሙ ሁለቱንም አያቸው። «ይሄ ተነሥቶ ሳንባው ቢገባ ይገድለዋል» አለ።

እነዚያን ሁለት አብራሪዎች ስኮንን ከርሜ፣ አውሮፕላኗ ሳሎኔ ውስጥ ዳግመኛ ወደቀች። ዮናስ ግን ሣቀ። «እማዬ፣ በቃ አሁን ጋሼን ተያቸው» አለኝ።

የመርፌው መጠን ተጨምሮለት ቤት እንደተመለስን ሥርዓት አወጣን። መርፌው የሜሮን ሆነ። ራቅ ብላ የምትሄድ ከሆነ አልማዝን ዐይን ዐይኗን እያየች «አክስቴ፣ ያንቺ ነው» ትላታለች፤ አልማዝ «የኔ ነው» ካላለች ከቤት አትወጣም። ሲወጋ ማንም አያወራም፤ ጠያቂ ግቢ ይጠብቃል። አዴ ጫልቱ ደጅ ተቀምጠው «የንጉሥ መርፌ ነው እንዴ?» ብለው አላገጡብኝ። ያላግጡ።

እብጠቱ ጎደለ፤ ፊዚዮቴራፒም ጀመረ፤ ትልቁ ጣቱ መጀመሪያ ስትነቃነቅ ማመን አቅቶኝ ሜሮንንም ጠርቼ አሳየሁ። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ቁስሉ መዳኑን አይቶ ሲፈቅድልን ሶደሬ እየወሰድን በሞቀው ውኃ ውስጥ ደግፈን እናራምደው ነበር፤ ውኃው ክብደቱን ስለሚቀንስለት እዚያ ውስጥ ቀድሞ ቆመ፣ በኋላም ቤት ውስጥ ግድግዳ ይዞ፣ ቀጥሎም በክራንች ሄደ። የግራ እግሩ ጫፍ ሲራመድ አሁንም ወደ ታች ይወድቅበታል። እንደገና ይብረር አይብረር አልወሰነም፤ እኔም አልጠይቀውም።

በሽተኛ ለምታስታምሙ የምለው ጥቂት ነው። ብዙ ሰው ስላላችሁ አትታለሉ፤ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ሰው ይኑር፣ ስሙም ጮክ ተብሎ ይነገር። ታላቅን መጠየቅ ብልግና አይደለም። ጠያቂን አመስግናችሁ ውጭ አስቀምጡ። እግሩ የማይሰማውን ሰው እግር በየቀኑ በዐይናችሁ እዩለት። ጸልዩ፤ ጸሎት ግን መርፌ አይወጋም።

ለገበሬው፣ ለሐኪሞቹ፣ ለነርሷ ፈጣሪ ዋጋቸውን ይክፈል።

ባለፈው ሳምንት ዮናስ በክራንች አስፋልት ሲሻገር ስልኩን በትከሻው ደግፎ ያወራል። ደርሼ ነጠቅኩት። «እማዬ! ሥራ ነው እኮ!» እያለ እስከ ቤት ድረስ በቁጣ ተከተለኝ። በእግሩ ተከተለኝ። እግዚአብሔር ይመስገን።