ሻኪሶ ድረስ ይዤው የሄድኩት ቅናት

ቅዳሜ ማለዳ ከነገሌ ቦረና በሚኒባስ ተነሳሁ። የአጥቢያችን ሽማግሌዎች የላኩኝ ለአንድ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው። የተማሩት ወጣቶች፣ ነርሶቹ፣ መምህራኑ፣ የባንክ ሠራተኞቹ፣ እኛ ጋ ሲመናመኑ ሻኪሶ ገልገሎ ጋ ለምን ይበዛሉ? ገልገሎ እንደ እኔው ወንጌላዊ ነው፤ አብረን ተምረናል፤ በፈተና እኔ እበልጠው ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ የሄድኩት ስህተት ልፈልግበት ነው። ትምህርቱን ቢያላላላቸው እንጂ በምን ይመጡለታል ብዬ።

ወደራ፣ ረፋድ ላይ

ከግራሩና ከቀዩ አቧራ በኋላ ሻይ ለመጠጣት ወረድን። የሻይ ቤቱ ባለቤት፣ ሻሽ ያሰሩ ሙስሊም እናት፣ "አካም፣ ነጋ?" ብለው ተቀበሉኝ። ገልገሎ ጋ እንደምሄድ ስነግራቸው ፊታቸው በራ።

"ገልገሎ ኬኛ! የእኛው ገልገሎ! አማቼ ሻኪሶ ታሞ ሲተኛ እየመጣ ይጠይቀው ነበር። ሰላም በልልኝ።"

እሳቸውም ወደዱት! ሻዩን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ሻኪሶ፣ እሑድ ከሰዓት

ከወደራ በኋላ መንገዱ ወደ ደን ይወጣል፤ አየሩም ይቀዘቅዛል። ቅዳሜ አመሻሽ ሻኪሶ ስንደርስ ዝናብ ነበር፤ ወርቅ ቆፋሪዎቹ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። በማግስቱ የገልገሎ አዳራሽ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ወንበር አልበቃ ብሎ የቆሙ ነበሩ። አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው።

አንድ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ተነሳ። "አለቃዬ ያልተለካ መሬት ተለካ ብለህ ፈርም አለኝ። እምቢ ካልኩ ሩቅ ቦታ ያዛውረኛል። ሚስቴ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት።"

አሁን ያለዝብለታል ብዬ ጠበቅሁ። ገልገሎ ግን "አትፈርም" አለው። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞረ። "እንዳይፈርም ነገርነው። ቢዛወር ሚስቱን ማን ያያታል?"

"እኔ" አለች አንዲት ነርስ። አወቅኳት። ሌንሳ ናት፤ ነገሌ ሳለች የእኛ ዘማሪ ነበረች።

ስህተት ባገኝ ይቀለኝ ነበር። ሲበተኑ ሌንሳን ጠራኋት።

"እኛን ለምን ተውሽን?"

አንገቷን ደፋች። "ጋሼ፣ ተረኛ ሆኜ አንድ ሕፃን እጄ ላይ ሞተ። ላዋይዎት መጣሁ። አንቱ ግን መጀመሪያ የጠየቁኝ ከመዝሙር ልምምድ ለምን እንደቀረሁ ነው።"

ያን ቀን አስታወስኩት። ቁጣዬን እንጂ ፊቷን አላየሁም ነበር።

"ይቅር በይኝ" አልኳት። እሷም እጄን ያዘች።

ነገሌ፣ ሰኞ

"ትምህርቱ ጤነኛ ነው?" አሉኝ ሽማግሌዎቹ።

"ከእኛ አልላላም። እሱ ከባዱን ነገር ይነግራቸዋል፤ ከዚያ አብሯቸው ይሸከማል። እኔ ነግሬ ብቻ እሄድ ነበር።" የሌንሳንም ነገር ሳልደብቅ ተናገርኩ። "ገልገሎ መጥቶ ያስተምረን። ከእኔ ይጀምር።"

"የግብዣ ደብዳቤውን ማን ይጻፍለት?"

"እኔ" አልኩ። አሁንም እቀናበታለሁ። "ወንድሜ ገልገሎ" ብዬ እስክጀምር ሦስት ወረቀት ቀደድኩ፤ አራተኛውን ላክሁት።