የላቮን ሳቅ

ላቮን ክሊንገር ሃሎዊንን ትጠላለች። ለማንም ተናግራው አታውቅም፤ ብትናገርም የሚያምናት የለም። በሃርትዌል የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ኦክቶበር በመጣ ቁጥር ፊቷን አረንጓዴ ቀለም ተለቅልቃ፣ ጫፉ የተቆለመመ ጥቁር ባርኔጣ ደፍታ፣ ጠንቋይ ሆና የምትቀመጠው እሷ ናት። የዛሬዎቹ እናቶች በሕፃንነታቸው እሷን አይተው አልቅሰዋል፤ አሁን ደግሞ የራሳቸውን ልጆች ይዘው እየመጡ ያስለቅሷቸዋል። በሃርትዌል ይህ እንደ ክትባት ነው፣ ያልደረሰው ልጅ የለም።

አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ወሩ እንዳለ የሷ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ዱባ መቀባት አለ፤ ቀለሙ ከምንጣፉ ላይ እስከ ፋሲካ አይለቅም። ቀጥሎ ገና መራመድ ያልጀመሩ ሕፃናት ንብና ዳክዬ ተደርገው በመደርደሪያዎቹ መካከል በጋሪ ይሰለፋሉ፣ ግማሾቹ እንቅልፋቸውን እየለጠጡ። ከዚያ ጎረምሶቹ ምድር ቤቱን የሙታን መንደር ያደርጉታል፤ አምና የጭስ ማሽናቸው የእሳት ደወሉን አስጩኾት የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተው፣ እሳት ሲያጡ የቀረበውን ዶናት ጨርሰው ሄዱ። ለአዋቂዎች በመቃብር ስፍራው ውስጥ የእግር ጉዞ፣ ለአዛውንቶች ትኩስ የፖም ጭማቂ ከመናፍስት ተረት ጋር። ለውሾች እንኳ የልብስ ውድድር አለ። ላቮን ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ጉልበቷ ደረጃ ገና ከሩቅ ሲያይ ያማርራል።

የወሩ መዝጊያ የሃሎዊን ዋዜማ፣ ኦክቶበር ሠላሳ ነው፣ የለማኞች ምሽት። የሃርትዌል ልጆች ከረሜላ ልመና የሚወጡት ያን ለት ነው፤ በነፃ የሚሰጣቸው ግን የለም። በር ያንኳኳ ሁሉ መጀመሪያ ቀልድ ይናገራል። ቀልድ የሌለው ከረሜላ የለውም፣ ሕጉ እንዲያ ነው፣ የሦስት ዓመት ሕፃንም ያውቀዋል። ስለዚህ ምሽቱ ሳይገባ፣ ከዘጠኝ ተኩል እስከ አሥራ አንድ ተኩል፣ ከተማው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተሰልፎ ቀልዱን በላቮን ይሞክራል። ላቮን ከሳቀች ሌላውም ይስቃል ይባላል። ሳቋ ደግሞ ሳቅ ነው፤ ከሆዷ ተነሥቶ ይመጣና ጉልበቷን በጥፊ ትለዋለች፣ ባርኔጣዋ ይወድቃል፣ ልጁም አንድ ካራሜል አንሥቶ እንደ አሸናፊ ይሄዳል።

እሷ ብቻ የምታውቀው ነገር አለ። ከአራት ዓመት ወዲህ የሚነግሯትን አትሰማም። ጆሮዋ ደህና ነው፤ የደከማት ሌላው ነው። ልጁ ይናገራል፣ እሷ አፉን ታያለች፣ አፉ ሲዘጋ ትስቃለች። ስርቆት መሆኑን አልሳተችውም። «አንድ ቀን አንዱ ልጅ ‹አልሰማሽኝም› ያለኝ ለት ባርኔጣውን አውልቄ እወጣለሁ» ብላ ለራሷ ቃል ገብታለች። በየዓመቱ የምትፈራው ይህንን ነው፤ የሚይዛት ሰው።

«ሰልፉ የት ደረሰ?» አለቻት ጆዲን፣ መጽሐፍ የምታውሰውን ባልደረባዋን።

«ፎቶ ኮፒው ጋ። አንዷ እናት ጠንቋይዋ ዘንድሮ አረጀች አለች።»

«አረንጓዴው ነው የሚያስረጀኝ።»

«እሱማ ሲታጠብ ይለቃል። ቀጥል፣ ዳይኖሰር፣ ተራህ ነው።»

ዳይኖሰሩ ጭራውን እየጎተተ ቀረበ። «ጠንቋይ ለምን መጥረጊያ ትጋልባለች?»

«ለምን?»

«የአቧራ መምጠጫ ማሽኑ ገመድ አጭር ስለሆነ።»

ሳቀች። በዚያ ቀን ሰባተኛዋ ነበረች፣ ያቺው ቀልድ።

ዴልበርት ሆፍማንን ያየቻቸው ከሁለት ትንንሽ አጽሞች ኋላ ነው። ዴልበርት ላሞቻቸውን ሸጠው ከተማ የገቡ የሰማንያ አንድ ዓመት ገበሬ ናቸው። ልጅ የላቸውም። ሰልፉ በማንኛውም ዕድሜ ላለ ሰው ክፍት ነው ከተባለበት ጊዜ ጀምሮ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ከሚስታቸው ከአርዲስ ጋር ሳይቀሩ ይሰለፋሉ። አርዲስ ትጠይቃለች፣ ዴልበርት ይመልሳሉ። የዴልበርት ፊት የአጥር እንጨት ነው፤ ፈገግታ አልፎበት አያውቅም፣ ሰዉን የሚያስቀውም ይኸው ፊት ነበር። ዛሬ ብቻቸውን ናቸው። የእሑድ ኮታቸውን ለብሰዋል። አርዲስ መኪና እያቆመች ይሆናል፣ ወይም የቀልዱ አካል ነው፣ ብላ አለፈችው ላቮን።

«አርዲስ የት አለች በይኝ» አሉ።

«እሺ። አርዲስ የት አለች?»

«ማክሰኞ ለት ሞተች።»

አፋቸው ተዘጋ። ላቮን ሳቀች። ጉልበቷን መታች፣ ባርኔጣዋ ወደቀ። እሷ ስትስቅ ኋላ የቆመው ሰውም፣ እናትም አባትም አጽምም፣ አብሮ ሳቀ። ዴልበርት ትንሽ ቆመው አዩዋት። ከዚያ እንደ ሕጉ አንድ ካራሜል አንሥተው «አመሰግናለሁ» አሉና ወጡ።

ቀጣይዋ ንብ ነበረች። ንቧ ስለ ዱባ አንድ ነገር ጀምራ መሐሉን ረስታዋለች፣ እያሰበች ክንፏን ትነካካለች። የዴልበርት ቃል ላቮን ጋ የደረሰው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። ጆሮዋ ከገባ ቆይቷል፤ ወደ ልቧ ለመውረድ ያን ያህል ፈጀበት። ቀና ብላ በሩን አየች። ዴልበርት የሉም።

«ጆዲ፣ አርዲስን በዚህ ሳምንት አይተሻታል?»

«ከተማ ሆስፒታል ገባች ሲሉ ሰምቻለሁ። ለሐሞት ጠጠር ነው አሉ። ምነው?»

«ሞታለች። አሁን ነገሩኝ፣ ሳቅሁባቸው።»

ጆዲ የያዘችውን መጽሐፍ አስቀመጠች። «ሁላችንም እኮ ሳቅን፣ ላቮንዬ። ቀልድ መስሎን ነው።»

«እናንተ ቀልድ መሰላችሁ። እኔ ጭራሹን አልሰማኋቸውም።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች፤ ግን ንቧ መሐሉን አግኝታ እየጠበቀቻት ነው። ከንቧ ኋላም አርባ ልጅ ይኖራል። እነሱ ምን አጠፉ? አርባ ጊዜ ሳቀች። ጥርስ ባዳ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። የዚያን ለት ግን እያንዳንዱን ቀልድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማች፣ እንደ ቅጣት።

አሥራ አንድ ተኩል ሲል ቁልፉን ለጆዲ ሰጥታ መኪናዋ ውስጥ ገባች። ቀለሙን በደረቅ ወረቀት ብትፈትገው ይብስ ተለቀለቀ፣ ተወችው። ዴልበርት ቤት ስትደርስ አሥራ ሁለት ሰዓት ሞልቶ ልጆቹ ወጥተዋል፣ መንገዱ በወንበዴና በልዕልት ተሞልቷል። መብራቱን ያላበራ ቤት አይንኳኳም። የዴልበርት ደጃፍ በርቷል። ምናልባት ቢጠፋ ኖሮ ትመለስ ነበር፤ እንዲጠፋም በልቧ ለምና ነበር። ምን ብላ ነው የምትጀምረው? የሰው ሞት ተረድቶ የሳቀ ሰው በምን አፉ ይናገራል?

አንኳኳች። ዴልበርት ሳህን ሙሉ ከረሜላ ታቅፈው ከፈቱ። የእሑዱን ኮት አላወለቁም።

«ቀልድሽን» አሉ።

«ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት፣ ዴልበርት።»

«ከረሜላ በይቅርታ አይሰጥም።»

ፊታቸው ያው የአጥር እንጨት ነው፤ ይቀልዱ ይቆጡ አልለይላት አለ። በዚህ መሐል ሦስት ድመቶች ከኋላዋ መጡ። ዴልበርት ከላቮን ጎን አልፈው ጎንበስ አሉና የሦስቱንም ቀልድ በተራ ሰሙ፣ ለሦስቱም ሰጡ። አንደኛዋ ድመት ላቮንን ቀና ብላ አይታ «አንቺ ምን ያህል አገኘሽ?» አለቻት።

«ገና ነኝ።»

«ቀልድ ንገሪያቸው፣ ይሰጡሻል» ብላት ወረደች።

ዴልበርት በረንዳው ላይ ካሉት ሁለት ወንበሮች አንዱን አሳዩዋት። ሁለተኛው ላይ ራሳቸው ተቀመጡ፤ ያሳዩዋት የአርዲስን እንደሆነ ያወቀችው ትራሱን ስታይ ነው። ተቀመጠች፣ ጉልበቷ አመሰገናት።

«አልሰማሁዎትም» አለች። «እውነቱ ይሄ ነው። እርስዎን ብቻ አይደለም። ሰው መስማት ካቆምኩ አራት ዓመት ሆነኝ። አፋችሁ ሲዘጋ እስቃለሁ። ደክሞኛል፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።»

«አርዲስ ታውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«እንደማትሰሚ። አምና ከዚያ ስንመለስ፣ ‹ይቺ ሴትዮ ደክሟታል፣ ዴልበርት። ለሚመጣው ዓመት ከልቧ የሚያስቃት ነገር እንፈልግ› አለችኝ። ዓመቱን ሙሉ ስትፈልግ ከረመች። ድስት ስታማስል፣ ቤተ ክርስቲያን ቁጭ ብላ። እኔ ስብከቱን የምትሰማ ይመስለኝ ነበር።»

ላቮን ዓይኗን በጓንቷ ጠረገች፣ ጓንቱ አረንጓዴ ሆነ። «አገኘችልኝ?»

«አግኝቻለሁ አለች። እኔ ጥያቄውን አላውቀውም። ቀድማ አትነግረኝም፣ ፊትህ ያሳብቅብሃል ትላለች። መልሱን ብቻ በወረቀት ጽፋ ትሰጠኛለች፣ ያንን አጠናለሁ። ጥያቄው እሷው ጋ ቀረ።» ሳህኑን ከአንዱ ጉልበታቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «ሆስፒታል ሆና ነው የሰጠችኝ። ሰኞ።»

«መልሱ ምንድን ነው?»

ዴልበርት ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ በየዓመቱ እንደሚያደርጉት ቀና ብለው ተቀመጡ።

«‹ሦስተኛዋን ላም ጠይቋት።›»

መንገዱ ላይ አንድ ወንበዴ ሰይፉ ወድቆበት አለቀሰ። ላቮን ከንፈሯን ነከሰች፣ ትንፋሿን ያዘች፣ አልሆነላትም። አመለጣት። ከተማው የሚያውቀው ያ ሳቅ አልነበረም፤ ጉልበት አልመታችም፣ ባርኔጣም አልወደቀም። እንደ ስርቅታ ያለ፣ ቀጭን፣ የማያምር ሳቅ ነበር፣ ሊቆምም አልቻለም። ከእንባዋ ጋር ተደባልቆ በአገጯ አረንጓዴ ወረደ። አርዲስ ምን ጠይቃ ይሆን? ሁለቱ ላሞችስ ምን ብለው ነበር? አሁን ማንም አያውቀውም፤ ይህን ባሰበች ቁጥር ሳቁ ይብስባታል፣ ልቅሶውም እንደዚያው።

«ይቅርታ» አለች መተንፈስ ስትችል። «ዛሬ ሁለተኛዬ ነው። ይቅርታ።»

«ተይ። ይሄኛው የራስሽ ነው።»

ዴልበርት አንድ ካራሜል ልጠው ሰጧት፣ እሷም እንደ ልጅ ተቀብላ አፏ ውስጥ ከተተችው።

«ለማንም አልተናገርኩም ነበር» አሉ። «ሁለት ቀን። ቄሱ ጋ ደወልኩ፣ ሲያነሳ ዘጋሁት። ጎረቤቴ አጥር ላይ ሆኖ እንደምን አደሩ አለኝ፣ ደህና አልኩ። አፌ እምቢ አለኝ። ከዚያ ቀኑን ሳይ የለማኞች ምሽት ነው። እዚያ ሰልፍ ላይ መናገር ለምጃለሁ፣ እዚያ ይወጣልኝ ይሆናል አልኩ። ወጣልኝም።»

«እኔም ሳቅሁብዎት።»

ዴልበርት መንገዱን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንቺ ስትስቂ፣ ሰዉም ሁሉ አብሮ ሲስቅ፣ እኔም ቀልድ መሰለኝ» አሉ። «እቤት እስክደርስ ድረስ ቀልድ ነበር። በሩን ከፍቼ፣ ‹አርዲስ፣ አሳቅናት› ብዬ ጠራኋት።»