ጥላ የሚያውቅ ውሻ

ገዳሪፍ ውስጥ ቆርቆሮ ፍለጋ ተራራ የሚወጣ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን የምለው ለኩራት አይደለም፤ ሰፈሩ በሙሉ ስቆብኛል።

ሥራዬ ሹፍርና ነበር። ነጩን የውጭ ሰው እዚያ ኸዋጃ ነው የምንለው፤ አንድ ኸዋጃ ይዤ ከሾዋክ እስከ ዶካ እነዳለሁ፤ እሱ የውሃ ጉድጓዱንና የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበትን ኩሬ ሁሉ በእጁ በያዛት፣ ቦታን በቁጥር በምታሳይ ጂፒኤስ ይመዘግባል። ሥራ በሌለበት ዓርብ ግን ጨዋታ አስተማረኝ። አንዱ ሰው ክዳን ባላት ቆርቆሮ ውስጥ ደብተርና እርሳስ ከትቶ ድንጋይ ሥር ይደብቃል፤ የቦታውን ቁጥር ለሌላው ይሰጠዋል። ያኛው በመሣሪያው እየተመራ ይፈልጋል፤ ሲያገኛት ቀኑንና ሰዓቱን ደብተሩ ላይ ጽፎ እንደነበረች ይመልሳታል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሽልማት የለው፣ ጭብጨባ የለው። ሰውዬው ወደ አገሩ ሲመለስ አሮጌዋን መሣሪያ ተወልኝ፤ ከእሷ ጋር በየጀበሉ የደበቃቸውን የአሥራ ሁለት ቆርቆሮዎች ቁጥር ጽፎ ሰጠኝ። ጀበል በዚያ አገር ተራራውም ኮረብታውም ነው።

ባለቤቴ ይህን ስትሰማ፣ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር!» አለች።

እሷ ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነበረች፤ ወላጆቿ ከጎንደር የመጡ እስላሞች ናቸው። ገበያ መካከል የራሷ ሱቅ ነበራት። እኔ ከመተማ በኩል ለሰሊጥ አጨዳ መጥቼ የቀረሁ ነኝ። አንድ ቋንቋ ብንናገርም አንድ ሰዓት አንቆጥርም ነበር። እኔ እንደ አገሬ ፀሐይ ስትወጣ እጀምራለሁ፤ እሷ እንደ ሱዳኖቹ ከእኩለ ሌሊት። የኔ የጠዋት አራት ለእሷ አሥር ነው፤ የእሷ የከሰዓት አራት ለኔ አሥር። ሽማግሌ ስልክ አባቷ «በሦስት ኑ» ቢሏቸው ሽማግሎቼ በጠዋቱ ሦስት ሄደው እናቷን ፀጉሯን ሳትጎነጎን አግኝተዋታል። ለዚህ ነው በዚያ አገር ያለን ሐበሾች ቀጠሮ ስንይዝ ሁልጊዜ «በሐበሻ ነው በሱዳን?» ብለን የምንጠይቀው። እኛ ቤት ግን ጥያቄው ቀርቶ ነበር፤ ከተጋባን ጀምሮ የቤቱ ሰዓት የእሷ ነው።

አንድ ዓርብ ብቻዬን ወጥቼ እግሬ ጥቁሩ አፈር ስንጥቅ ውስጥ ገባ። ያ አፈር በበጋ ሲሰነጠቅ ክንድ ሙሉ ይውጣል። ቁርጭምጭሚቴ ዞሮ ከቀትር እስከ ማምሻ ስድህ ቆየሁ። ባለቤቴ እግሬን በሞቀ ውሃ እያሸች፣ «ወይ ሰው ያዝ ወይ ውሻ ያዝ። ሞተህ ብትቀር ማን ይነግረኛል?» አለችኝ።

ባዶ ቆርቆሮ ፍለጋ አብሮኝ የሚንከራተት ሰው ከየት ይመጣል? ውሻ ሆነ። ደግሞም ውሻ ያሰብኩት እኔ ሳልሆን እሷ ነች፤ ውሻ የላሰውን ዕቃ ሰባት ጊዜ አጥባ እንኳ የማትረካው ሴት።

እንግዲህ ምርጫ ጀመርኩ። ነገሩን ከሚስት ፍለጋ ይልቅ አከበድኩት ማለት እችላለሁ። ቆርቆሮ ፈላጊ ሰው የሚፈልገው ውሻ እንደ ሌላው አይደለም። በሰው እርምጃ መሄድ አለበት፤ የሰው ፍየል አያባርር፤ ኬላ ላይ ወታደር ሲያይ አይጩህ፤ ደግሞ ውሃ ጋሎን ሙሉ አይጠጣብኝ።

መጀመሪያ ያየሁት ስሉጊ ነው፤ ዘላኖቹ ጥንቸል የሚያድኑበት ቀጭን፣ ረጅም እግር ውሻ። ዶካ አጠገብ አንድ ግመል ጠባቂ ለአንድ ቀን አስሞከረኝ። መሣሪያዋን አውጥቼ ቁጥር እስካይ ድረስ ውሻው ከአድማስ ወዲያ ነበር። ሰውዬው እስኪበቃው ሳቀና፣ «ያ ዞል፣ ይህ የሚሮጠው ለራሱ ነው» አለኝ። «ያ ዞል» ማለት «አንተ ሰውዬ» ማለት ነው።

ሁለተኛውን ያሳየችኝ ባለቤቴ ነች። እህል በረንዳው ዘንድ፣ ከጭነት መኪኖቹ ሥር የሚውል ጆሮው የተቀደደ ቢጫ ውሻ ነበር። ባለቤት የለው፣ ስም የለው። አንድ ቀን ሱቋ ደጃፍ ቆመን ጥላው ፈቀቅ ሲል ውሻውም ዓይኑን ሳይገልጥ አብሮ ፈቀቅ ሲል አየነው።

«የማይቀር ከሆነ እሱን ያዝ» አለች። «ጥላ ያውቃል።»

«ይሄ? ዘር የለው!»

«አንተስ ምን ዘር አለህ?» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። ሾዋክ አንድ ነጋዴ የውጭ ሰዎች ትተዋት የሄዷት የጀርመን ውሻ ነበረችው፤ ወልዳለች ሲባል ሄድኩ። ጆሮው የቆመ፣ ደረቱ የሰፋ፣ ፀጉሩ እንደ ብርድ ልብስ የተደረበ ቡችላ አነሳሁ። ያን ፀጉር በእጄ እየዳበስኩ በዚያ ፀሐይ ምን ያደርግለታል ብዬ አላሰብኩም። ያሰብኩት ሰፈሩ ሲያየኝ ምን እንደሚል ነው። ዓይኔ ነው የመረጠው።

ባለቤቴ አይታ፣ «ካፖርት ለብሶ መጣ፣ ምስኪን» አለች። ቤት እንዳይገባ፣ ልብሷንም እንዳይነካ አስጠነቀቀችኝ። ስም ሳናወጣለት ቀረን። እሷ ግን ምግብ ስታቀርብለት «እንካ፣ ያ ዞል» ማለት ጀመረች፤ በዚያው ዞል ሆነ።

ጥሩ ውሻ ነበር። ይህን ሳልናገር ባልፍ ኃጢአት ይሆንብኛል። ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ቀኑ በሚበርድበት ወራት፣ ሁለት በጋ አብሮኝ ወጣ። ስቆም ይቆማል፣ ስቀመጥ ጀርባውን ጀርባዬ ላይ ይደግፋል። ኋላ ባለቤቴም ሱቋን እየዘጋች ዓርብ ዓርብ መምጣት ጀመረች። እኔ መሣሪያዋን እይዛለሁ፣ ዞል ይቀድማል፣ ደብተሩ ላይ የምትጽፈው እሷ ነች። ትምህርቷ ሁሉ በዐረብኛ ስለነበር የአማርኛ ፊደል ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ፊደሎቿ ወደ ግራ ያዘነብላሉ። አሥራ አንዱን ቆርቆሮ አገኘን። አሥራ ሁለተኛዋን፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ጀበል ግርጌ ያለችውን፣ ያገኘን ዕለት ከዞል ጋር ሦስታችን አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ተምር በላን፤ ከዚያ ወዲያ ዓርብ ዓርብ የምንመለሰው ወደዚያችው ነበር።

በዚያው ዓመት እናቴ ታማ መተማ ሄድኩና ሦስት ሳምንት ቆየሁ። የእጅ ሰዓቴን እንደ አገሬ አዙሬ ነበር፤ ስመለስ መልሼ አላስተካከልኩትም። አንደበቴንም አላስተካከልኩትም።

በተመለስኩ በሁለተኛው ቀን ወደ ዶካ ሥራ ነበረኝ። ወሩ ሚያዝያ ነው፤ የገዳሪፍን ሚያዝያ ያየ ያውቀዋል። የግቢያችን የብረት በር ተነቅሎ ብየዳ ቤት ስለሄደ ዞል ወጥቶ እንዳይጠፋ ማሰር ነበረብኝ። ራኩባው፣ ያ የሣር ጣራ ያለው ዳሳችን፣ ጠዋት ጠዋት ባለቤቴ የምትሰግድበትና ጨርቆቿን የምታጥፍበት ስለሆነ ውሻ አይታሰርበትም። በምዕራቡ አጥር ጥግ፣ ከግንቡ ውጭ በኩል፣ እስከ ረፋድ ጥላ ያለበት ቦታ በሰንሰለት አሰርኩት። አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ እየሮጥኩ፣ «ዞልን በአራት ሰዓት ፍችና ራኩባው ውስጥ እሰሪው!» አልኳት።

«እሽ» አለችኝ ከውስጥ።

ሁለት ቃል ነበር የሚያስፈልገው። እሷም አልጠየቀችም፤ በቤታችን ሰዓቱ የእሷ ነዋ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ።

ወደ ሱቅ ስትወጣ ዞል ጥላ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ሳህኑን ውሃ ሞላችለት። ቀኑን ሙሉ ሰዓቷን እያየች ውላ፣ ገዢ ጨርቅ እያስለካ እያለ ትታው ወጣች። ልክ በአራት ደረሰች። በእሷ አራት።

እኔ ስመለስ አጥሩ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ሳህኑ ተደፍቷል፤ አፈሩ ሰንሰለቱ እስከሚደርስበት ድረስ ተጭሯል። የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ያን ሰፊ ልብስ፣ ቶቧን፣ አውልቃ በውሃ ነክራ አልብሳዋለች። ጭንቅላቱ ጭኗ ላይ ነበር። ውሻ እንዳይነካት ታጥፎ የሚቀመጥ ቶብ ነበር ያ።

«በአራት መጣሁ» አለች። «ወላሂ አንድ ደቂቃ አላሳለፍኩም። አንተ ታውቀዋለህ ብዬ ነው፤ አራት ካልክ አራት ድረስ ይችለዋል ብዬ…»

«አራት አልኩሽ እኮ!» ብዬ ጮኽኩባት። «አራት! ምን ስትሠሪ ዋልሽ?»

አየችኝ። መጀመሪያ ፊቴን፣ ቀጥሎ ሰዓት ያሰርኩበትን እጄን። ከዚያ «መዓሊሽ» አለች፤ ይቅርታ ማለቷ ነው።

እዚያው ጀበል ግርጌ እንቅበረው ያለችው እሷ ነች። በአህያ ጋሪ ወሰድነው። እኔ ስቆፍር እሷ ሄዳ ከድንጋዩ ሥር ቆርቆሮዋን አወጣች። ላቤን ልጠርግ እጄን ሳነሳ ሰዓቴን አየሁት። አሥራ ሁለት ይላል። ፀሐይዋ ልትገባ ነው፣ አዎ፣ አሥራ ሁለት። የማን አሥራ ሁለት?

በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ገባኝ። እሷ አላረፈደችም። ስድስት ሰዓት የሰረቅኋት እኔ ነኝ። ቦታን በሜትር ለይቼ የማውቅ ሰውዬ ለገዛ ሚስቴ አንድ ሰዓት መናገር አቃተኝ። ዶማውን ጥዬ ይህንኑ ልነግራት ይገባ ነበር። አልጣልኩም፤ መቆፈሬን ቀጠልኩ። ነገ እነግራታለሁ አልኩ።

ነገ አልነገርኳትም። ከነገ ወዲያም አልነገርኳትም። ውሎ ሲያድር ደግሞ ነገሩ ከበደ፤ ለምን ያኔውኑ አልተናገርክም ብትለኝስ? ጎረቤት ስለ ውሻው ሲጠይቅ፣ «እኔ ነኝ፣ ዘግይቼ» ትል ነበር፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ሻዬን እጠጣለሁ። ሌላ ውሻ አልያዝንም። ቢጫው ውሻ እህል በረንዳው ዘንድ ከጥላ ጥላ እየተዛወረ ብዙ ዓመት ኖረ፤ ባየሁት ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር። ዓርብ ዓርብ ግን እሷ አልቀረችም። በዞል ቦታ ከፊት ከፊቴ እየሄደች ጀበሉ ግርጌ እንደርሳለን፤ እሷ ደብተሩ ላይ ትጽፋለች፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ መቃብሩ ላይ የተንከባለለ ድንጋይ እመልሳለሁ።

ከዓመታት በኋላ ኩላሊቷ ታመመ። ሆስፒታል በተኛች በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ልብስ እንዳመጣላት ጠየቀችኝ።

«በአሥር ሰዓት እመለሳለሁ» አልኳት።

ዓይኗን ገለጠች። «በሐበሻ ነው በሱዳን?»

እኛ ቤት ከተጋባን ጀምሮ ያልተጠየቀ ጥያቄ ነበር።

«በሱዳን» አልኩ።

«እንኳን ነገርከኝ» አለች፤ ፈገግም አለች።

በሩ ላይ ቆምኩ። እንደምታውቅ ያኔ አወቅሁ። አፌን ስከፍት ነርሷ መድኃኒት ይዛ ገባችና ውጣ አለችኝ። ስመለስ እነግራታለሁ ብዬ ወጣሁ፤ በዚህ ጊዜ ከልቤ ነበር። መንገዱን ሁሉ ቃሉን እያዘጋጀሁ ሄድኩ፣ እያዘጋጀሁ ተመለስኩ። ለአሥር ሩብ ጉዳይ ሲል ደረስኩ። አንሶላዋን እያነሱ ነበር።

ጀበሉ ዘንድ ብቻዬን የሄድኩት አርባዋ ካለፈ በኋላ ነው። ቆርቆሮዋን አውጥቼ ደብተሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ ገለጥኩ። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ቀንና አንድ ሰዓት ብቻ አለ፤ «ከዞል ጋር መጣን፣ 9 ሰዓት» የሚል ዓይነት። ከዚያ ወደ ግራ ባዘነበሉት ፊደሎቿ፣ «ዛሬ ዞልን ቀበርን። 6 በሱዳን፣ 12 በሐበሻ» ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው ዓርብ ሁሉ ሁለት ሁለት ሰዓት አለው። «5 በሱዳን፣ 11 በሐበሻ።» «4 በሱዳን፣ 10 በሐበሻ።» ገጽ በገጽ፣ ዓመት በዓመት። ከቀበርነው ዕለት ጀምሮ ታውቅ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት እየጻፈች የጠበቀችው እኔ እስክነግራት ነው። እኔ ደግሞ በሁለት እርምጃ ርቀት ጀርባዬን ሰጥቼ ድንጋይ እደረድር ነበር።

እርሳሱን አንስቼ ከመጨረሻዋ መስመር ሥር ጻፍኩ፤ «አራት ያልኩሽ በሐበሻ ነበር።» እርሳሱ ደንዞ ስለነበር እስኪነበብ ድረስ ደጋግሜ አደመቅሁት።