በመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ የተጻፈችው ልጅ

እርጥብ ጥጥ በጋለ ካውያ ሥር ሲያልፍ የሚያወጣው ሽታ አለ አይደል? ባለፈው ሳምንት የእናቴን ነጠላ ስተኩስ ያ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ ካውያውን እንደያዝኩ ፈዝዤ ቀረሁ። ለጥቂት ነው ነጠላውን ያላቃጠልኩት። ሌላው ሰው በዘፈን ወይም በዝናብ ትዝታው ይመጣበታል፤ እኔን የሚያስለቅሰኝ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ ነው። ብትስቂ አልፈርድብሽም። በሕይወቴ ያወቅኋቸው አንዲት ደራሲ መጽሐፎቻቸውን ሁሉ የጻፉት መተኮሻ ጠረጴዛ ላይ፣ ቆመው ነበር።

ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እኔና እናቴ ዴንቨር ውስጥ፣ ካፒቶል ሂል ከነበረው ጠባብ አፓርታማ ወጥተን፣ ፓርክ ሂል ሰፈር ውስጥ፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ ካለ ቤት ቤዝመንቱን፣ ከመሬት በታች ያለውን ክፍል፣ ተከራየን። አከራያችን ሕንዳዊት ነበሩ። ስድሳን ያለፉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አጭርና ቀጭን፣ ነጭ ፀጉራቸውን በሰናፍጭ ዘይት አሽተው የሚጎነጉኑ ሴት። ገና በመጀመሪያው ቀን “አንቲ በይኝ” አሉኝ፣ አክስት ማለታቸው ነው፤ እኔም እንደዚያው አልኳቸው። እናቴ ነርሲንግ ሆም፣ አረጋውያን መጦሪያ፣ ስለምትሠራ ወደ ማታ ነው የምትመለሰው። ከአሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ወርጄ ቤት ስደርስ ብቻዬን ታች ከምቀመጥ ላይ ቤት እንድቆይ አንቲ ፈቀዱልኝ።

ወገባቸው መቀመጥ አይወድም ነበር። ሐኪማቸው ቆመው የሚሠሩበት ጠረጴዛ እንዲገዙ ሲመክራቸው “ከፍ ዝቅ የሚል ጠረጴዛማ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አለኝ” ብለው የመተኮሻውን ጠረጴዛ መስኮቱ ሥር ዘረጉ። የዴንቨር ፀሐይ በክረምትም አታፍርም፤ በዚያ መስኮት ገብታ ወረቀቱን፣ የተሸበሸበ እጃቸውንና የካውያውን እንፋሎት አንድ ላይ ታበራቸው ነበር። ሐሳብ ሲጠፋባቸው ወረቀቱን ገፋ አድርገው እውነተኛ ልብስ ይተኩሳሉ። ስገባ የተተኮሰ የትራስ ልብስ ተቆልሎ ካየሁ፣ መጽሐፉ በዚያ ቀን እንዳልሄደላቸው አውቃለሁ። ሰላም ብዬ ቀስ ብዬ የቤት ሥራዬን እጀምራለሁ።

የሚጽፉት ለልጆች ነበር፤ የሌሉ አገሮችን፣ የሚናገሩ ወንዞችን። ይህን ሁሉ ከየት እንደሚያመጡት ጠየቅኋቸው። “ከአባቴ ቢሮ” አሉኝ። አባታቸው በቤንጋል፣ ወንዝ ዳር በምትገኝ ከተማ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። የሥራ ድርሻቸው አድራሻው ላልተሟላ ደብዳቤ ባለቤት መፈለግ ነው። “መብረቅ ከመታው ማንጎ አጠገብ ለሚኖረው አጎቴ” ተብሎ የተጻፈ ፖስታ ይመጣል። አባትና ልጅ ጀልባ ተሳፍረው መብረቅ የመታውን ማንጎ ፍለጋ ይሄዳሉ። ባለቤቱ ያልተገኘውን ደብዳቤ ደግሞ ትንሿ ልጅ ወደ ላኪው ከመመለሱ በፊት እጇ ላይ ይዛ ማን እንደጻፈው፣ ለማን እንደጻፈው ትገምታለች። “ሳልከፍተው!” ይላሉ አንቲ ጣታቸውን ቀስረው። “ብከፍተው ኖሮ ደራሲ አልሆንም ነበር።”

ያቺ ልጅ አድጋ፣ ባል አግብታ፣ ዴንቨር መጥታ ሃያ ዓመት ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ የሰው ደም በማይክሮስኮፕ ስታይ ኖረች። የመጀመሪያ መጽሐፏን ስትጀምር ሃምሳን አልፋ ነበር። ይህን ሲነግሩኝ ምንም የኩራት ድምፅ አልነበራቸውም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደሳቸው ያለ ሰው በዓለም ላይ ያለ አልመስለኝ አለ።

አንድ ቀን ቧንቧ ሊያዩ ታች ወረዱና በቤዝመንታችን ትንሽ መስኮት ወደ ውጭ ተመለከቱ። መስኮቱ ከመሬት እኩል ስለሆነ የሚታየው የሣር ሥርና የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። እኔ ጓደኞቼ እንዳያዩት የማፍርበት መስኮት ነው። እሳቸው ቧንቧውን ረስተው “እናንተ እኮ ዓለሙን ከሥሩ ነው የምታዩት!” አሉ። በማግስቱ መጽሐፋቸው ውስጥ ከሣር ሥር የሚገኝ ፖስታ ቤት ተሠራ። ባለቤት ያጣ ደብዳቤ ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል፤ አንዲት ልጅም የራሷን ደብዳቤ ፍለጋ ትገባለች። መስኮቴን እንደዚያ ካዩልኝ በኋላ አላፈርኩበትም።

ልጅቷ ግን ስም አልነበራትም። ያን የጸደይ ወር አንቲ ስም ፍለጋ ስንት የትራስ ልብስ እንደተኮሱ እኔ ነኝ የማውቀው። “እውነተኛ ስም ያስፈልጋታል፤ የሚያውቋት ብቻ የሚያውቁት” አሉኝ። በአገራቸው ለሰው ሁለት ስም ይወጣለታል፤ አንደኛው ለትምህርት ቤትና ለመንግሥት፣ ሁለተኛው ለቤት።

“የእርስዎ የቤት ስም ማን ነው?” አልኳቸው።

“አልነግርሽም። ያስቃል። ከወንድሜ በቀር የሚያውቀው ሰው አልቀረም፤ እሱም እሑድ እሑድ ሲደውል ብቻ ነው የሚጠራኝ።”

እንግዲህ ጥፋቴን ልንገርሽ። የክርስትና ስሜን ነገርኳቸው። ለማንም እንዳልናገር እናቴ አስጠንቅቃኝ ነበር። ስሙን የምናውቀው እሷ፣ እኔ፣ የክርስትና እናቴና የንስሐ አባታችን ብቻ ነበርን። አገር ቤት ታናሽ ወንድሟ በልጅነቱ አእምሮው ታሞ በዚያው ሞቷል፤ የክርስትና ስሙን ያወቀ ክፉ ሰው መተት አሠርቶበት ነው ብላ ታምናለች። እኔ ዛሬ ነርስ ነኝ፤ ለዚያ በሽታ ሌላ መጠሪያ አውቃለሁ፤ ግን ከእናቴ ጋር ተከራክሬ አላውቅም። ያን ጊዜ ይህን ሁሉ ለአንቲ አልነገርኳቸውም። “ከቤተ ክርስቲያን ያገኘሁት ሌላ ስም አለኝ” ብዬ ብቻ ሹክ አልኳቸው። አንድ ጊዜ ደገሙት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። ከዚያ ካውያውን ነቀሉና መጻፍ ጀመሩ። ከደስታዬ የተነሣ እግሬ መሬት አልነካም።

መጽሐፉ ሲያልቅ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እናቴንና እኔን ላይ ቤት ጠሩን። የተጠበሰ ጣፋጭ በሳሕን አቅርበዋል፤ ውጭ በረዶ የመታው ሊላክ የሚባለው ሐምራዊ አበባ በመስኮቱ ይሸታል። ለእናቴ ያልጠበቀችው ስጦታ መስሏቸው፣ መጽሐፉን ለማሳተም ከመላካቸው በፊት የመጨረሻውን ምዕራፍ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። ከሣር ሥር ያለው ፖስተኛ ደብዳቤውን አንሥቶ ልጅቷን በስሟ ጠራት።

እናቴ እንግሊዝኛው አልፎ አልፎ ያመልጣታል። ያ ስም ግን አላመለጣትም። ሳሕኑን ቀስ ብላ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና በአማርኛ “ማን ነገራቸው?” አለችኝ።

ዓይኔን ምንጣፉ ላይ ተከልኩ።

“ማን ነገራቸው? አንቺ ነሽ?”

ራሴን ነቀነቅሁ። አይደለሁም አልኩ። ይኸው ነው፤ በሕይወቴ ከዋሸሁት ሁሉ የሚቆጠቁጠኝ ይኼ ነው።

እናቴ ወደ አንቲ ዞረች። ስሙ የተጻፈበት የክርስትና ሰርተፊኬቴ ከሰነዶቻችን ጋር አልጋ ሥር ሻንጣ ውስጥ ነበር። በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ “ሻንጣዬን ለምን ከፈቱ?” አለቻቸው።

አንቲ አዩኝ። በልጅነታቸው እንኳ የሰው ደብዳቤ ያልከፈቱ ሴት ናቸው የተጠየቁት። አንዲት ቃል ቢናገሩ ኖሮ ነፃ ይወጡ ነበር። ፊታቸው ላይ ያየሁት ግን ቁጣ አልነበረም፤ እኔን ማዳን እንደሚችሉ ያሰሉ ይመስለኛል። ወረቀቱን አጠፉና “ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ። ስሙን አወጣዋለሁ፤ ማንም አያየውም” አሉ።

ደረጃውን ስንወርድ እናቴ “ሙቭ እናደርጋለን” አለች። በወሩ መጨረሻ ከዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ አፓርታማ ገባን። ዕቃችንን ስንጭን አንቲ በር ላይ ቆመው እጃቸውን አውለበለቡልኝ፤ እኔ እንዳላየ ሰው መኪና ውስጥ ገባሁ። ማፈሬ ነበር፤ እሳቸው ግን ምን እንደመሰላቸው እንጃ።

በዓመቱ መጽሐፉ በፖስታ መጣልኝ። ሻንጣ ላይ ተቀምጬ የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ። የኔ ስም የለም። በምትኩ ልጅቷ በሁለት ፊደል ብቻ የሚጠራ፣ ለድመት እንጂ ለጀግና የማይወጣ ስም ወጥቶላታል። ተናደድኩ፤ ስሜን የጣሉብኝ መሰለኝ። ስልክ ደውዬ አመሰገንኳቸውና፣ አፌን ምን እንደያዘው እንጃ፣ “ግን አንቲ፣ ስሙ ያስቃል። ከየት አመጡት?” አልኳቸው።

ሳቁ። “አዎ፣ ያስቃል። ሁልጊዜም ያስቅ ነበር” አሉ።

ከዚያ በኋላ በአሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ኮልፋክስን እያቋረጥኩ ሁለት ሦስት ጊዜ ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ። ስለ ሻንጣው አንድም ቀን አላነሡብኝም። “ምን እያነበብሽ ነው?” ይሉኛል፤ እኔም ልናዘዝ አስቤ ሄጄ ስለ ትምህርት ቤት አውርቼ እመለሳለሁ። ሃይስኩል ስገባ መሄዱም ቀረ።

ልጨርስ አንድ ዓመት ሲቀረኝ አረፉ። ጎረቤታቸው ደውላ ነገረችኝ። እናቴ ሥራ ላይ ስለነበረች ለመታሰቢያው ብቻዬን ሄድኩ። ሳሎኑ ውስጥ የመተኮሻው ጠረጴዛ መስኮቱ ሥር እንደተዘረጋ ነው፤ ፎቶግራፋቸውን እሱ ላይ አቁመውታል። አንገታቸው ላይ ነጭ ሻል የጣሉ ሽማግሌ ወንድማቸው ከሕንድ መጥተው በእንግሊዝኛ እንግዶቹን አመሰገኑ። ሊቀመጡ ሲሉ ወደ ፎቶግራፉ ዞሩና በዝግታ አንድ ቃል ተናገሩ። ሁለት ፊደል።

በመጽሐፉ ውስጥ ያለችው ልጅ ስም ነበር።

ሰው ሲቀንስ ጠጋ ብዬ ስለ ስሙ ጠየቅኋቸው። “እናታችን ያወጣችላት ነው” አሉኝ ሽማግሌው። “ከባሏ እንኳ ትደብቀው ነበር፤ ስለምታፍርበት። መጽሐፉ ላይ ሳየው ደነገጥኩና ደወልኩላት። ‘አንዲት ልጅ የሷን ሰጥታኝ ነበር፤ ተራዬ ደረሰ’ አለችኝ።”

አውቶቡሱ ውስጥ እስከ አውሮራ ድረስ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ሶፍት ሰጠችኝ። ቤት ስደርስ እናቴ የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም ነበር። ሁሉንም ዘረገፍኩት። ስሙን የተናገርኩት እኔ መሆኔን፣ ሻንጣውን ማንም አለመክፈቱን፣ በመጽሐፉ ያለው የማን ስም እንደሆነ። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠችና የጫማዋን ማሰሪያ ፈታች።

“እኔ እኮ ሌባ አደረግኋቸው” አለች። “እሳቸው ደግሞ ዝም አሉልሽ።” ከዚያ “መጽሐፉን አምጪውና ስማቸውን አሳዪኝ” አለችኝ። ጣቴን አስቀመጥኩበት። ፊደሎቹን ቀስ እያለች ቆጥራ አነበበቻቸው፣ ደገመቻቸው፣ ከዚያ መጽሐፉን መለሰችልኝ።

እናቴ በየማለዳው ወደ ምሥራቅ ቆማ ትጸልያለች። መጨረሻ ላይ ሙታኖቿን በክርስትና ስማቸው ትጠራለች፤ እናቷን፣ አባቷን፣ ያን ወንድሟን። እነዚያን ስሞች ከፍ አድርጋ አትጠራም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ብርድ ልብሴ ውስጥ ሆኜ የምሰማው ሹክሹክታ ነው። በማግስቱም እንደልማዷ ጠራቻቸው። ወንድሟ ጋ ስትደርስ አላበቃችም። ጉሮሮዋን ጠረገችና ያን ለድመት የሚመስል ስም፣ ምላሷ እየተደናቀፈ፣ ከወንድሟ ቀጥላ ጠራችው።

ለሙታኑ እንደጨረሰች ወደ ሕያዋኑ ትሻገራለች። ቀጥላ የኔን የክርስትና ስም ጠራች።