በማንጎ ፍሬ ላይ የተጠመጠመ ክር

ልጄን ክርስትና ባስነሳሁ በሳምንቱ ወደ ክፍል ተመለስኩ። ክልሉ ገና መቋቋሙ ነበር፤ አሶሳ ውስጥ የባዮሎጂ መምህር ማግኘት ቀላል አልነበረም። የትምህርት ቤቱ ሱፐርቫይዘር ግን መመለሴን አልወደደውም።

“እመጫት ቤቷ ትረፍ” አለኝ፣ የክፍሉ በር ላይ ቆሞ። “ዛሬ ገብቼ አይሻለሁ። ካላማረኝ ክፍሉን ለኬሚስትሪው መምህር ሰጥቼ አንቺን መዝገብ ቤት አስቀምጥሻለሁ። ደግሞ ያንን የዲኤንኤ አጠቃለል የሚለውን ዝለይው። እነዚህ ልጆች አማርኛውን እንኳ ትናንት ነው የለመዱት።”

“አልዘለውም” አልኩት።

ገባሁ። እሱም ከኋላ ተቀመጠ።

ተማሪዎቹን ለሁለት ከፍዬ ለየቡድኑ አንድ አንድ ረጅም የስፌት ክር ሰጠሁ፤ የሁለቱንም መሃል ቀይ ቀለም ቀብቼዋለሁ። “ከሰው ቁመት የሚረዝም ክር ዓይን በማያያት ኒውክለስ ውስጥ ገብቷል” አልኳቸው። “እንዴት እንደገባ እንይ።” በቀኝ ያሉት ክሩን በክብሪት ቀፎ ውስጥ ጠቀጠቁት። በግራ ላሉት የደረቁ የማንጎ ፍሬዎች ሰጠኋቸው፤ ግቢያችን በማንጎ ፍሬ የተሞላ ነው። በአንዱ ፍሬ ላይ ሁለት ዙር ያህል እየጠመጠሙ ወደሚቀጥለው አለፉ።

“አሁን ቀዩን አውጡልኝ።”

የቀኞቹ ሲጎትቱ ክሩ ተቋጠረ፤ ቀጥሎም ተበጠሰ። ከግራዎቹ መካከል ፊት የምትቀመጠው የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ሳቋን ለቀቀችው። “ቲቸር፣ እነዚህ የወፍ ጎጆ ሠሩ!”

“ለእናንተ ማንጎ ስለተሰጣችሁ ነው!” አሏት የቀኞቹ።

የግራዎቹ አንዷን ፍሬ ብቻ ፈቱ። ቀዩ ወጣ። ሌላው እንደተጠቀለለ ቀረ።

“ዲኤንኤም በፕሮቲን ላይ እንዲህ ይጠመጠማል፤ የተጠመጠመውም መልሶ ይታጠፋል” አልኩ። “ህዋሱ የሚፈልገው ቦታ ላላ ብሎ ይነበባል፤ የማይፈልገው ተዘግቶ ይቆያል። የዓይን ህዋስና የጉበት ህዋስ አንድ ክር ይዘው የተለያዩት ለዚህ ነው።”

ይህን እያልኩ ሞግዚቷ ልጄን ይዛ በሩ ላይ ደረሰች። ርቦት ይጮኻል።

ሱፐርቫይዘሩ ተነሣ። “ይኸው! አላልኩሽም?”

“እዚሁ አጥቢው፣ ቲቸር” አለች የበርታዋ ልጅ። “እናቴ አዝላ ነው የምትቆፍረው። ማን አስቁሟት ያውቃል?”

ልጄን ተቀበልኩ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ፣ ነጠላዬን በላዩ ጣል አድርጌ አጠባሁት።

“ጥያቄ ያለው?”

እጆች ወጡ። ሱፐርቫይዘሩ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ነገር ግን አልወጣም። ደወል እስኪደወል መለስኩላቸው።

ሲወጣ ከጠረጴዛዬ ላይ ክር የተጠመጠመባትን አንዲት ፍሬ አንሥቶ አገላበጣት። “ክፍሉን ያዢው” አለ። “ነገስ ምንድን ነው የምታስተምሪው?”

“ይህንኑ ነው። እጥፋቱ ገና አላለቀም።”

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄም ጠግቦ ተኝቶ ነበር።